የመንገድ ማግስት

ጳጉሜን ሲገባ እኛ ሰፈር ካዛንቺስ ውስጥ የሁሉም ሰው አፍ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዘንድሮ አገር ቤት መቼ ነው የምትሄዱት?» ሱቅ በር ላይ፣ የጀበና ቡና ከምትሸጠዋ ልጅ ዘንድ፣ ፀጉር ቤት ወረፋ ከያዙት መሐል የሚሰማው ይኸው ነው። ጉራጌው ለመስቀል ወደ ቸሃ፣ ወደ እዣ፣ ወደ ሶዶ ይነሳል። ሌላው ለገና ላሊበላን፣ ለጥምቀት ጎንደርን፣ ስለት ያለበት ደግሞ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤልን ያስባል። መሄጃው ቀን ከተቆረጠ በኋላ ስለ ትራንስፖርቱ፣ ስለ ልጆቹ ልብስ፣ ለእናት ስለሚወሰደው ጋቢ ብዙ ይወራል። «ስትመለሱስ መቼ ነው የምታርፉት?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ዛሬ እኔ ልጠይቃችሁና በዚሁ እንጫወት። ቡናው እስኪፈላ እናንተም እግራችሁን ዘርጋ አድርጉ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ቤተሰብ ይዞ አገር ቤት መሄድ ከምንሠራቸው መልካም ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል። ልጅ አያቱን በስልክ ድምፅ ብቻ አውቆ ማደግ የለበትም። ቢሆንም ይህን መልካም ነገር በጉልበቷ የምትከፍለው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሴት ናት፤ የምትከፍለውም ከሄደችበት ይልቅ ከተመለሰች በኋላ ነው።

እኛ ሰፈር የማውቃትን አንዲት እናት ላሳያችሁ። ከመስቀል መልስ መኪናው በር ላይ ሲቆም መሽቷል። ትንሹ ልጅ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል። በኮባ የተጠቀለለው ቆጮ ይወርዳል፣ ቅቤው ይወርዳል፣ ሚጥሚጣው፣ ለጎረቤት የተላከው ሁሉ ይወርዳል። ባልየው በር ላይ ከተቀበሉት ወንዶች ጋር «እንዴት ከረማችሁ» ሲባባል፣ እሷ ነጠላዋን ከላይዋ ሳታነሳ ምድጃው ዘንድ ደርሳለች። ልጁን ታስተኛለች፣ ቅቤው እንዳይፈስ ታስተካክላለች፣ የነገውን ዩኒፎርም ትዘፈዝፋለች፣ እግረ መንገዷን «እንኳን ደህና ገባችሁ» ብሎ ለመጣው ሁሉ ቡና ታፈላለች። ነገ ሰኞ ነው። ረቡዕ ላይ ስታገኟት ድምፅዋ ተዘግቷል፣ ወገቧን ይዛ ነው የምትራመደው። «ምን ሆነሽ ነው?» ስትሏት መልሷ «ምንም፣ መንገድ ነው» ነው።

መንገድ ብቻውን እንዲህ አያደርግም። እንዲህ የሚያደርገው ከመንገድ በኋላ የሚመጣውን ቀን የማንም አለማድረጋችን ነው።

አባቶቻችን በዚህ ከእኛ ይሻሉ ነበር። ገጠር ቤት መንገደኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀርብለት እህል አይደለም፣ የእግር ውሃ ነው። ውሃው ለብ ይላል፣ ከቤቱ ልጆች አንዱ ዝቅ ብሎ እግሩን እስከ ጉልበቱ እያሸ ያጥበዋል። ከዚያ እህል ይቀርባል፣ ከዚያ መደብ ይነጠፋል። ጉዳዩን የሚጠይቁት ካረፈ በኋላ ነው። ውሃ፣ ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ወሬው በመጨረሻ። እኛ ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል፤ መጀመሪያ ወሬና ስልክ፣ ቀጥሎ ልብስ አጠባ፣ እንቅልፍ ከተረፈ ሰዓት ላይ።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር ነበራቸው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ በነበረበት ዘመን፣ ኮሶ የጠጣበት ቀን የራሱ ቀን ነበር። እንግዳ ቢመጣ «ኮሶ ጠጥተዋል» ይባላል፤ የመጣውም ሰው ሳይቀየም ይመለሳል። ጌታም ይሁን አሽከር ያን ቀን ሥራ አይጠየቅም። ዛሬ ለኮሶ ትል መድኃኒቱ በእንክብል ፋርማሲ ውስጥ አለ፣ ኮሶውን ወደ መጠጣት ተመለሱ አልልም። ልቤን የሚነካው ያ ቀን ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ማንም የማይከራከረው፣ ለሰውነት የተተወ ቀን። የመንገድ ማግስት እንዲህ ያለ ቀን መሆን አለበት። «ትናንት ከመንገድ ነው የገባችው» ሲባል የመጣው ሁሉ «እንግዲያ ነገ እመለሳለሁ» የሚልበት።

ባቡሩም ይህን ያውቅ ነበር ብል አትሳቁብኝ። ከካዛንቺስ ብዙም በማይርቀው ለገሃር፣ ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ የሚሄደው በቀን ስለነበር መንገደኛው ድሬዳዋ ላይ ያድራል፣ አዋሽ ላይ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ዕረፍቱ በመንገዱ ውስጥ ተሠርቶ ነበር። ዛሬ የአዳማው ፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ፣ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ማለት ነው፣ ሐዋሳ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የሚል ሰው አይጠፋም። ጊዜ ተርፎናል። የተረፈውን ጊዜ ግን ለአንድ ተጨማሪ ዘመድ ጥየቃ ሰጠነው እንጂ ለእንቅልፍ አልሰጠነውም።

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ፤ ማግስቱ እንዳይከፋ የሚወሰነው እዚያ ነው።

በግልጽ የማይወራ አንድ ነገር አለ፤ እኔ ግን አነሳዋለሁ። ብዙ ሴቶች ረጅም መንገድ ላይ ውሃ አይጠጡም። ስላልጠማቸው አይደለም፣ ሽንት ቤት ስለሌለ ነው። ወንዱ መኪናው በቆመበት ዘወር ይላል፤ ሴቷ ከንፈሯ እስኪደርቅ ችላ ትቀመጣለች። ማታ ራስ ምታት ይነሳል፣ በማግስቱ ሆድ ይደርቃል፣ አልፎም ሽንት ማቃጠል ይከተላል። ይህ የእሷ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መተው የለበትም። ባል ወይም ወንድም ከመነሳታቸው በፊት ሹፌሩን «እዚህና እዚህ ከተማ፣ መፀዳጃ ያለው ምግብ ቤት ጋ ትቆምልናለህ» ይበለው። ለመኪናው ነዳጅ የሚቀዳበት ቦታ ታስቦ የለም? እህቶቼ፣ ውሃውን ጠጡ፤ መኪናው ይቁም።

መድኃኒትም ሌላ ነው። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ፖርቶ መጋላ ላይ ከተጫነ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ማን ወጥቶ ያወርደዋል? በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ኢንሱሊን ደግሞ ሙቀት ያበላሸዋል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ጥሎ ምሳ መግባት አይገባም።

ወደ ጎጃም የምትሄዱ ዓባይ በረሃን ታውቁታላችሁ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል እስከ ድልድዩ፣ ከዚያ ደግሞ ሽቅብ እስከ ደጀን፣ ከፍታው ከሺህ ሜትር በላይ ይወርድና መልሶ ይወጣል። ጆሮ ይደፈናል፣ ጠመዝማዛው ሆድ ያላውሳል፣ ታች ደግሞ ሙቀቱ አለ። ሕፃን ሲወረድ የሚያለቅሰው ጆሮውን አሞት ሊሆን ይችላል፤ ጡት ከሰጡት መዋጡ ጆሮውን ይከፍትለታል። ትልልቆቹ ማስቲካ ያኝኩ። ከመነሳት በፊት ቅቤ የበዛበት ምግብ መብላት ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ በሶና ዳቦ ቆሎ የመንገድ ስንቅ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ሎሚ የምታሸት እናት ካያችሁም አትከልክሏት።

መቀመጡም ጣጣ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ጥናት፣ ሳይንቀሳቀሱ ከአራት ሰዓት በላይ መጓዝ የእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን እጥፍ ገደማ እንደሚያሳድግ አመልክቷል። አውሮፕላን ላይ ብቻ አይደለም፤ አውቶቡስም፣ ባቡርም፣ የቤት መኪናም ያው ነው። በጥቅሉ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ግን የበለጠ ይጠንቀቁ። መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዶ መራመድ፣ ተቀምጠውም ተረከዝና ጣትን ማንቀሳቀስ በቂ ነው። ከመንገድ ከተገባ በኋላ ሁለቱም እግር ትንሽ ቢያብጥ ከፍ አድርጎ መተኛት ያስተካክለዋል። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባቱ ካመመና ከሞቀ ግን፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ «መንገድ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ ሐኪም ቤት ነው።

ልጅ ይዞ መንገድ መውጣት ለእኛ ከስማችንም የማይርቅ ነገር ነው፤ ክፍለ ከተማችን ቂርቆስ ስሙን የወረሰው ከሦስት ዓመቱ ሕፃን ከቅዱስ ቂርቆስ ነው። እናቱ ኢየሉጣ ከአገረ ገዥው ቁጣ ሸሽታ ልጇን ይዛ የተሰደደች ናት፤ ሐምሌ 19 የሚነበበው ድርሳን ይህን ይነግረናል። ልጅ ይዛ መንገድ የወጣች እናት ለቂርቆስ ሰፈር ሰው ባዕድ ልትሆን አይገባም ለማለት ነው ያነሳሁት።

ከደረሱ በኋላስ? የአማች ቤት የገባች ምራት እንግዳ አትባልም። ቀጥታ ጓዳ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ የመጣች ሴት ለሃያ ሰው ክትፎ ታዘጋጃለች፤ ባሏ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ የልጅነት ወሬ ያወራል። ይህን የሚያስቀር ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ልጃቸው ነው። «እማዬ፣ ዛሬ እሷ ትረፍ፣ ነገ ትረዳሻለች» ቢል እናቱ አትቀየምም። ሚስቱ ራሷ ብትለው ግን ዓመት ይወራል። አብራችሁ ይዛችኋት የምትሄዱት የቤት ሠራተኛ ካለችም እንደዚሁ። ልጅ ታቅፋ የተጓዘች፣ ሌሊት ስታባብል ያደረች እሷ ናት፤ ስትመለሱም የመጀመሪያው ሰሃን የሚጠብቀው እሷን ነው። የመንገድ ማግስት ዕረፍት ለእሷም ይገባታል። ይህን የማይቀበል ሰው ስለ ራሱ ዕረፍት ባያወራኝ እመርጣለሁ።

እንግዲህ መመለሻው ደረሰ። እዚህ ላይ ካዛንቺሶች ሌላው የሌለው ሀብት አለን። ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት አጠገብ ቁልቁል ወረድ ሲሉ ፍል ውሃ ነው። ይህች ከተማ ራሷ የተጀመረችው ከዚያ ነው። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ብርዱና ነፋሱ በሚበረታበት፣ ሳለ መኳንንቱና ቤተሰቡ ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ድንኳን ጥለው ይታጠቡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ብጡል ቦታውን ወደዱት፣ ቤትም ተሠራላቸው፣ ከተማውም ከእንጦጦ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ሥልጣን ወይም ገበያ አይደለም መጀመሪያ ወደዚህ ያመጣን፤ የደከመ ሰውነትን በሙቅ ውሃ ማሳረፍ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፍል ውሃ ሄዳችሁ የምታዩትን አስቡ። ቲኬት ቆርጦ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቅ አለ። ፎጣና ሳሙና በፌስታል የያዙ አባት፣ ክራንች የተደገፉ እናት፣ ሁለት ልጅ የያዘች ወጣት። ተራው ሲጠራ የመታጠቢያ ክፍሉ በር ይከፈታል፤ ውሃው ከመሬት እንደወጣ ስለሚተኩስ ቀዝቃዛ ካልተቀላቀለበት አይገባበትም። ገንዳው እስኪሞላ እንፋሎቱ ክፍሉን ይሞላዋል። ገብቶ አንገት ድረስ ሲዋጥ መንገድ ላይ የታሰረው ትከሻ ቀስ በቀስ ሲፈታ ይታወቃል። ታጥቦ የወጣው ሰው ወዲያው ወደ ደጅ አይሮጥም፤ ነፋስ እንዳይመታው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ላቡ እስኪደርቅ ቁጭ ይላል። ያ መቀመጥ የመታጠቡ ግማሽ ነው። ማንም አያጣድፍም፣ ማንም «ምን ትሠራለህ» አይልም።

ጥንቃቄውንም ልጨምር። ከመንገድ እንደገቡ ውሃ ሳይጠጡ ገንዳ መግባት ራስ ያዞራል፤ አስቀድሞ ጠጥቶ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ መውጣት ይበቃል። ነፍሰ ጡር በጣም በሞቀ ውሃ ውስጥ መቆየት የለባትም፤ የልብ ሕመምና የደም ግፊት ያለበትም ሐኪሙን ይጠይቅ። ሲወጡ በቀስታ መነሳት ነው። ፍል ውሃ ያልተመቸው ቤቱ ውስጥ የእግር ውሃ አያጣም፤ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ፣ ጨው ከተገኘም ትንሽ ጨው። ልጆቻችሁን እግራችሁን እንዲያጥቡ ብታስለምዷቸው ደግሞ አንድ የወግ ትምህርት ሰጣችኋቸው ማለት ነው። በምሥራቅ የምትመለሱ ሶደሬ፣ ከሐዋሳ መስመር የምትመጡ ወንዶ ገነት መንገዳችሁ ላይ ወይም አቅራቢያው ስላለ፣ ቤት ሳትገቡ ታጥባችሁ መምጣትም ይቻላል።

የማግስቱ ምግብ ቀላል ይሁን። አጥሚት ለአራስ ብቻ የተፈቀደ አይደለም። የተቆላ ተልባ ለደረቀ ሆድ ይረዳል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ካለ ኦአርኤስ በጥቅሉ ላይ በተጻፈው መጠን ንጹሕ ውሃ ውስጥ በጥብጦ መስጠት ነው። የተላከውን ክትፎና ቅቤ ለማግስቱ ማግስት አቆዩት።

ትኩሳትን በተመለከተ ግን ቀልድ የለም። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ እዚህ የተወለደ ልጅ ወባን አያውቀውም፤ ከ2000 ሜትር በታች ያለው አገር ግን አብዛኛው ወባማ ነው። ከፍ የሚለውም ክረምት ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ልክ እኛ ለመስቀል በምንሄድበት ጊዜ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ከተነከሱ ከሳምንት እስከ ወር ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ መተኛት አይበቃም። ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም መመርመርና «ቆላ ነበርኩ» ብሎ መናገር ያስፈልጋል። አንዱ ዓይነት ከወራት በኋላም የሚነሳ ነውና በጥር ለሚመጣ ትኩሳትም የመስከረሙን ጉዞ አትርሱት።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝን ለመናገር ልቤ ሲፈራ ቆየ። የድሮው ካዛንቺስ ከመንገድ የገባን ሰው ብቻውን አይተወውም ነበር። ቁልፉን ያስቀመጥንባት ጎረቤት ቤቱን አናፍሳ፣ ውሃ ቀድታ፣ ድስት ጥዳ ትጠብቀናለች። ልጆቹ እሷ ዘንድ ይተኛሉ። ማንም «ራሴን ልንከባከብ» አይልም ነበር፣ ሰፈር ስለሚንከባከበው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ አብሮ የፈረሰው ይህ ነው። ለአንዱ ምትክ ቤት ገላን ጉራ፣ ለአንዱ ሌላ ቦታ ደረሰው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሻንጣዋ ጋር የቆመች እናት አሁን በሯን የሚከፍትላት የለም። ስለዚህ ድሮ በራሱ ይመጣ የነበረውን ዛሬ አስቀድሞ ማሰናዳት የግድ ሆኗል። ከመሄዳችሁ በፊት አልጋ አንጥፉ፤ ለአንድ ቀን የሚሆን ሽሮ በርበሬው ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ ዩኒፎርሙ ታጥቦ ይሰቀል። አዲሱን ጎረቤትም ቁልፍ ለመስጠት ያህል ተዋወቁት፤ እሱም ሲሄድ እናንተ ትጠብቁታላችሁ።

ተቀብለው የሚሸኙትንም አንርሳ። በክረምት ከዋሽንግተን ልጅና የልጅ ልጅ የመጣላቸው የሰፈራችን እናቶች አሉ። ለመጡት ምክሬ አጭር ነው፤ የሰዓቱ ልዩነት ሰባት ስምንት ሰዓት ስለሆነ ሰውነት ለመመለስ ቀናት ይፈልጋል፣ ጠዋት ፀሐይ ሙቁ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዘመድ ጥየቃ አታብዙ። ለእናቲቱ ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ቦሌ ሸኝታ ስትመለስ ቤቱ ጭር ይላል፣ ሆድ ይብሳል፣ ከሳምንታት ሩጫ በኋላ ጉልበቷ አንድ ጊዜ ይከዳታል። በዚያ ቀን ሄዳችሁ ቡና አፍሉላት። እሷ እንድታፈላላችሁ አትሂዱ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። አሥራ አምስቱን ለዘመድ ስጡ፤ አንዷን ለመንገድ ማግስት አስቀሯት። ዘንድሮ ትኬት ስትቆርጡ መመለሻውን እሑድ ማታ አታድርጉት፤ ቅዳሜ አድርጉት፣ ካልሆነም ሰኞን ፈቃድ ጠይቁበት። በዚያ ቀን ቤት ውስጥ ድስት የሚጥደው መንገድ ላይ ያልደከመው ሰው ይሁን። ባሎች ሆይ፣ ይህ መልእክት በተለይ ለእናንተ ነው።